የኮሌጅ ላይብረሪ ዲጂታል መጽሐፍና ቪዲዮ ውሰት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ሐበሻ ተማሪ ብዙ ነው። አብዛኛው ይሠራል፣ ይማራል፣ ልጅም ያሳድጋል። ላይብረሪ ገብቶ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም። ኮሌጆቹ ግን ዛሬ ኢ-ቡኩንም፣ የጥናት ጽሑፉንም፣ ቪዲዮውንም ቤት ድረስ ያውሳሉ። ብዙ ልጆች ይህን የሚያውቁት ሊመረቁ ሲሉ ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ ወጪው እኮ ከምትከፍሉት የትምህርት ክፍያ ጋር አብሮ የተሸፈነ ነው።

ከታች ያሉት ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዝርዝሩ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፣ አሠራሩ ግን በአሜሪካ ኮሌጆች ተቀራራቢ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል?

የኮሌጁ አካውንት ይበቃል። ኢሜይላችሁን የምትከፍቱበት ስምና ፓስዎርድ ማለት ነው። ተጨማሪ ክፍያ የለም።

ግቢ ውስጥ ሆናችሁ በኮሌጁ ዋይፋይ ስትገቡ ብዙ ጊዜ ፓስዎርድም አትጠየቁም። ቤት ስትሆኑ ግን በላይብረሪው ድረ ገጽ በኩል መግባት አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ጽሑፉን ጉግል ላይ ያገኘዋል፤ ሲከፍተው አሳታሚው የክሬዲት ካርድ ቁጥር ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ወይ ይተወዋል፣ ወይ ከኪሱ ይከፍላል። ያው ጽሑፍ በላይብረሪው በኩል ቢገባ በነጻ ሊከፈትለት ይችል ነበር። ተማሪ መሆናችሁን ለአሳታሚው የሚያረጋግጥላችሁ የላይብረሪው መግቢያ ነው።

ጉግል ስኮላር የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ላይብረሪ ሊንክስ" የሚለው ላይ የኮሌጃችሁን ስም ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ኮሌጁ የያዘው ጽሑፍ ሲመጣ ከጎኑ የመክፈቻ ሊንክ ይታያችኋል።

ምን ምን መዋስ ይቻላል?

ኢ-ቡክ፣ የጥናት ጽሑፍ፣ ቪዲዮና ዕቃ። ኢ-ቡኮቹን በአብዛኛው የምታገኙት ፕሮኩዌስት ኢቡክ ሴንትራል ወይም ኤብስኮ ውስጥ ነው። ለጥናት ጽሑፍ ጄስቶር የታወቀ ነው። ለቪዲዮ ካኖፒ፣ ፊልምስ ኦን ዲማንድና ስዋንክ አሉ። ካኖፒ ዘጋቢ ፊልምና የሲኒማ ሥራ ይበዛበታል። ፊልምስ ኦን ዲማንድ በአጫጭር ክፍሎች የተቆራረጠ የትምህርት ቪዲዮ ነው። ስዋንክ ደግሞ መምህሩ ለኮርሱ ያዘዘውን የሆሊውድ ፊልም ያመጣል። የእናንተ ኮሌጅ ሦስቱንም ላይዝ ይችላል። የላይብረሪው ድረ ገጽ ላይ "ዳታቤዝ" የሚለውን ከፍቶ በፊደል ተራ ማየት ነው።

ዕቃ ስል ላፕቶፕ፣ ሆትስፖት፣ ካልኩሌተርና ቻርጀር ማለቴ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ካሜራም አለ።

ዲጂታል ከሆነ ለምን ወረፋ ይኖረዋል?

የዚህን ጥያቄ መልስ ያወቀ ሰው ሌላው ሁሉ ይገባዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራው።

ላይብረሪው የወረቀት መጽሐፍ ሲገዛ መጽሐፉ የራሱ ነው። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ አሳታሚ መጽሐፉን ከሸጠ በኋላ፣ ያ መጽሐፍ እንደገና የሚሸጥበትን ዋጋ ልወስን ማለት አይችልም ብሎ ፈረደ። ሐሳቡ በኋላ ሕግ ሆነ፤ ዛሬ የቅጂ መብት ሕጉ አንቀጽ 109 ላይ ይገኛል። ላይብረሪ አሳታሚውን ሳያስፈቅድ መጽሐፍ የሚያውሰው በዚህ መብት ነው። መጽሐፉ እስኪያረጅ ድረስ ለመቶ ሰው ቢያውሰው ማንም አይጠይቀውም።

ኢ-ቡክ ላይ ግን ይህ መብት አይሠራም። ላይብረሪው የሚገዛው መጽሐፉን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱን ነው። ልዩነቱ የራስ ቤትና የኪራይ ቤት ነው፤ ኪራይ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚገባና እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚወስነው አከራዩ ነው። አሳታሚው ለአንድ ሰው፣ ለሦስት ሰው ወይም ላልተገደበ ሰው የሚል ፈቃድ ይሸጣል፤ ዋጋውም እንደዚያው ይጨምራል። የአንድ ሰው ፈቃድ ያለው መጽሐፍ አንድ ተማሪ ከከፈተው ለሁለተኛው "ተይዟል" ይላል። ፋይሉን ለሺህ ሰው መላክ የሚከለክል የቴክኒክ ችግር የለም። የከለከለው ውሉ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉና ከአካውንቱ ውጡ። ታቡን ክፍት ትታችሁ ሥራ ብትሄዱ ለፈተና የሚያነብ ሌላ ልጅ ውጭ ይቆማል። ሁለተኛ፣ ሙሉ መጽሐፉን ከመዋስ የምትፈልጉትን ምዕራፍ በፒዲኤፍ አውርዱ። ሙሉ መጽሐፉን ብታወርዱት የውሰት ቀኑ ሲያልቅ ይዘጋል። በፒዲኤፍ የወረደ ምዕራፍ ግን ብዙውን ጊዜ እናንተው ጋ ይቀራል፣ መጽሐፉም ለሌላው ይለቀቃል።

ነገሩ ወደፊት እየከበደ ነው የሚሄደው። በፌብሩዋሪ 2025 የፕሮኩዌስት ባለቤት ክላሪቬት፣ ላይብረሪዎች ኢ-ቡክን አንዴ ከፍለው ለዘለቄታው የሚይዙበትን አማራጭ አቆማለሁ፣ ከእንግዲህ በደንበኝነት ክፍያ ነው ብሎ አስታወቀ። ላይብረሪያኖች በጣም ተቆጡ። ኩባንያው ቀነ ገደቡን አራዘመ እንጂ ሐሳቡን አልቀየረም። ይህ ለተማሪ ምን ማለት ነው? አንድ ዓመት በጀት ቢቀነስ ትናንት የነበረው ኢ-ቡክ ዛሬ ላይኖር ይችላል። የወረቀቱ መደርደሪያ አሁንም ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ላይብረሪው የራሱን የወረቀት መጽሐፍ ስካን አድርጎ ለምን አያውሰንም?

ተሞክሯል። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድርጅት በእጁ ላለው ለእያንዳንዱ የወረቀት ቅጂ አንድ ስካን ለአንድ ሰው ያውስ ነበር። ኮቪድ የመጣ ጊዜ፣ በማርች 2020፣ ያንን ገደብ ለጊዜው አነሳ። በጁን አሼት፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ዋይሊና ፔንግዊን ራንደም ሃውስ የተባሉት አሳታሚዎች ከሰሱት። በ2023 ተረታ። በሴፕቴምበር 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ፍርዱን አጸና። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጡ።

ኮሌጆች ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ማዋስን የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ምዕራፍ ግን ሌላ ነገር ነው። መምህራችሁ ከጠየቀ ብዙ ላይብረሪዎች አንድ ምዕራፍ ስካን አድርገው ለክላሱ ብቻ ያስቀምጣሉ።

ባለፈው ሴሚስተር ያየሁት ፊልም ዛሬ የለም። የት ሄደ?

ፈቃዱ አልቋል። የስትሪሚንግ ፊልም ፈቃድ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሦስት ዓመት ነው። ቀኑ ሲደርስ ላይብረሪው እንደገና ካልከፈለ ፊልሙ ይዘጋል።

የካኖፒን ታሪክ ብታውቁት ጥሩ ነው። በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረ ድርጅት ነው፤ በ2021 ለላይብረሪዎች ኢ-ቡክ የሚያቀርበው ኦቨርድራይቭ ገዛው። ኮሌጆች ለብዙ ዓመት የተጠቀሙበት አሠራር ይህ ነበር፦ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች ለተማሪው ክፍት ሆነው ይቀመጣሉ። አንድ ፊልም 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ 4 ጊዜ ሲታይ ላይብረሪው የዚያን ፊልም የአንድ ዓመት ፈቃድ እንደገዛ ይቆጠራል። ሂሳቡ 150 ዶላር ገደማ ነበር። ተማሪው በነጻ ያየ ይመስለዋል፤ ላይብረሪው ግን በወሩ መጨረሻ ሂሳቡን ያያል። ፊልሙን የወደደው ሰው በበዛ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። በጁላይ 2019 የኒውዮርክ፣ የብሩክሊንና የክዊንስ የሕዝብ ላይብረሪዎች በወጪው ምክንያት ካኖፒን አቋረጡ። ብዙ ኮሌጆችም ሁሉን ክፍት ማድረጉን ትተው፣ መምህር ሲጠይቅ ብቻ ፈቃድ መግዛት ጀመሩ።

ስለዚህ ካታሎጉ ውስጥ ስሙ የሚታይ ፊልም ሲነካ "ይህን ፊልም ጠይቅ" የሚል ቅጽ ቢያመጣላችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትተዉት። ቅጹን ሙሉ። ለየትኛው ኮርስ እንደሆነ ጻፉ። "ለማየት ያህል" ከሚል ጥያቄ "በዚህ ፊልም ላይ ፔፐር እጽፋለሁ" የሚለው ቶሎ ይፈቀዳል። ፔፐራችሁ በፊልሙ ላይ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ እስከ መቼ እንደሆነ ላይብረሪያኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የፊልሙ ፈቃድ ፔፐሩ ሳያልቅ ቢያበቃ መከራ ነው።

ኔትፍሊክስ ላይ ያለውን ፊልም ለምን አታውሱንም?

የኔትፍሊክስ ውል ከግለሰብ ጋር ነው። ላይብረሪ አካውንት ከፍቶ ለተማሪ እንዲያውስ አይፈቀድለትም። ድርጅቱ ራሱ ካሠራቸው ዘጋቢ ፊልሞች ውስጥ ግን ለትምህርት አንድ ጊዜ እንዲታዩ የፈቀዳቸው አሉ፤ መምህሩ በራሱ አካውንት ክላስ ውስጥ ሊያሳያቸው ይችላል።

ዲቪዲ ቀረ እንዴ?

አልቀረም፣ እየቀነሰ ነው እንጂ። አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ማስገቢያ ስለሌላቸው አንዳንድ ላይብረሪዎች በዩኤስቢ የሚሰካ ማጫወቻ አብረው ያውሳሉ። ስትሪሚንግ ላይ ፈጽሞ ያልወጡ የቆዩ ፊልሞች አሉና ዲቪዲውን አትናቁት። ደግሞ ዲቪዲ የላይብረሪው ንብረት ነው፤ ማንም መጥቶ አይዘጋበትም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ አሜሪካ የሚሸጥ ዲቪዲ አብዛኛው የሪጅን 1 ነው። ኢትዮጵያ የምትመደበው ሪጅን 5 ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዚህ የተገዛ ዲስክ አገር ቤት ባለው ማጫወቻ እምቢ ቢል ዲስኩ አልተበላሸም።

ቴክስትቡኬን በነጻ አገኛለሁ?

እውነቱን ልንገራችሁ፦ በኢ-ቡክ መልክ የማግኘት ዕድላችሁ ትንሽ ነው። እንደ ፒርሰን፣ መግሮው ሂልና ሴንጌጅ ያሉ ትልልቅ አሳታሚዎች ቴክስትቡኮቻቸውን በዲጂታል የሚሸጡት በቀጥታ ለተማሪው ነው፤ ለላይብረሪ አይሸጡም ማለት ይቻላል። ላይብረሪው ሰንፎ አይደለም።

ግን መንገድ አለ። መጀመሪያ "ኮርስ ሪዘርቭ" ጠይቁ። የወረቀቱ ቴክስትቡክ ካውንተር ላይ ተቀምጦ ለጥቂት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ለማንበብ ይሰጣል። የሚያስፈልጋችሁን ገጽ በስልካችሁ አንስታችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ከዚያ ኦፕንስታክስን እዩ። ሂውስተን ባለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠራ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ በመምህራን የተጻፉ ቴክስትቡኮችን በነጻ ያወጣል። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታትስቲክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ የአሜሪካ ታሪክ አለው። ነርሲንግ ለመግባት ቅድመ ሁኔታ ኮርሶችን የምትወስዱ ልጆች ከዚህ ብዙ ትጠቀማላችሁ። መምህሩ ሌላ መጽሐፍ ቢያዝም እንኳ ልብ እንዴት ደም እንደሚረጭ ሁለቱም መጽሐፍ ላይ አንድ ነው። ምዝገባም፣ ወረፋም፣ ማለቂያ ቀንም የለውም።

ሦስተኛው ደግሞ ከምዝገባ በፊት የሚታሰብ ነው። ብዙ ኮሌጆች የመጽሐፍ ወጪ የሌላቸውን ክላሶች ለይተው ምልክት ያደርጉባቸዋል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ "ዚ-ኮርስ" ይላቸዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ታይድዎተር ኮሚኒቲ ኮሌጅ በ2013 ለመጽሐፍ ምንም ሳይከፈል የሚጨረስ ሙሉ ዲግሪ ጀምሯል። ክላስ ስትመርጡ ይህን ምልክት ፈልጉ። ለአንድ ሴሚስተር የሚተርፈው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ቪዲዮው ላይ እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚጠይቀኝ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። እንዲያውም የላይብረሪው ቪዲዮ ከዩቲዩብ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው።

ካፕሽኑን አብሩ። ከዚያ "ትራንስክሪፕት" የሚለውን ፈልጉ፤ የተነገረው ሁሉ በጽሑፍ ከቪዲዮው ጎን ይወጣል። ብዙዎቹ ላይ አንዱን መስመር ስትነኩት ቪዲዮው እዚያው ቦታ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ፣ የማታውቁትን ቃል አውጡ፣ ከዚያ ቪዲዮውን እዩ። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ማውረድም ይቻላል። በዚህ ዘዴ አንድ የ20 ደቂቃ ቪዲዮ አንድ ሰዓት ሊወስድባችሁ ይችላል። ግን ያቺ ሰዓት በከንቱ አትሄድም፤ የክላስ ሌክቸር ላይ ማንም አቁሞ አይደግምላችሁም።

የአማርኛ ካፕሽን አብዛኛው ቪዲዮ ላይ የለም። ትራንስክሪፕቱን ኮፒ አድርጎ በትርጉም አፕ ማየት ጠቅላላ ሐሳቡን ለመያዝ ይረዳል። የሕክምናና የሕግ ቃል ላይ ግን አትመኑት፤ ፈተናውም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው።

ካፕሽን የሚባለው ነገር በየቪዲዮው የመጣው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ታግለው ባስወጧቸው ሕጎች ነው፤ የ1973ቱ የመልሶ ማቋቋም ሕግ አንቀጽ 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ። መስማት ወይም ማየት የሚያስቸግራችሁ ከሆነና ቪዲዮው ካፕሽን ከሌለው፣ የኮሌጁን የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ጠይቁ። መፍትሔ የመፈለግ ግዴታ አለባቸው።

ቤቴ ኢንተርኔት የለም፣ ላፕቶፕም የለኝም።

ሁለቱንም ተዋሱ። ሆትስፖቱ በስልክ ኔትወርክ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ብዙ ኮሌጅ ለሙሉ ሴሚስተር ይሰጣል። ችግሩ ሴሚስተር በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ማለቁ ነው፤ ስለዚህ ክላስ ሳይጀመር ሂዱ። በሆትስፖት ቪዲዮ ስታዩ ጥራቱን ወደ 480 አውርዱት፣ ዳታው ይበረክታል።

ብዘገይ እቀጣለሁ?

ለኢ-ቡክና ለቪዲዮ ቅጣት የለም። ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይመለሳል። ዕቃ ላይ ግን አትቀልዱ። ላፕቶፕ ወይም ሆትስፖት ሳይመለስ ከቀረ ሙሉ ዋጋው ሊጠየቅና ለሚቀጥለው ሴሚስተር እንዳትመዘገቡ ሊታገድ ይችላል። ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ቶሎ ሄዳችሁ ንገሯቸው። ቀድሞ ለተናገረ ሰው መፍትሔ ይፈልጋሉ፤ የጠፋውን ሰው ግን ሲስተሙ ዝም ብሎ ይቆልፈዋል።

ክረምቱን አዲስ አበባ ነኝ። ኦንላይን ክላስም አለኝ። ይሠራልኛል?

በአብዛኛው ይሠራል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የምታዘጋጁት ነገር አለ።

ከሁሉም የሚብሰው የመግቢያ ኮዱ ነው። ኮሌጆች ፓስዎርድ ካስገባችሁ በኋላ ስልካችሁ ላይ ኮድ ይልካሉ። የአሜሪካ ሲም ካርዳችሁን አውጥታችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ስታስገቡ ያ ቴክስት አይደርሳችሁም። ቦሌ ወርዳችሁ አካውንታችሁ ተቆልፎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሳትበሩ በፊት ኮድ የሚያመነጨውን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና ከአካውንታችሁ ጋር አያይዙ። አፑ ኮድ ለማውጣት የስልክ መስመር አይፈልግም።

የጥናት ጽሑፍና ኢ-ቡክ ከየትም አገር ይከፈታሉ ማለት ይቻላል። ፊልም ግን እንደ ፈቃዱ ነው፤ ለአሜሪካና ለካናዳ ብቻ የተሸጠ ፊልም ኢትዮጵያ ውስጥ "በአካባቢዎ አይገኝም" ይላል። ለኮርሱ የሚያስፈልገው ፊልም የቱ እንደሆነ መምህሩ በሰጠው የኮርስ ዝርዝር (ሲላበስ) ላይ አይታችሁ ሳትሄዱ እዩት፣ ማስታወሻም ያዙ። የምዕራፍ ፒዲኤፎችንም አስቀድማችሁ አውርዱ።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ወንድሜ ፓስዎርዴን ብሰጠውስ?

ፍላጎታችሁ ይገባኛል፣ ግን አታድርጉት። ውሉ የሚፈቅደው ለኮሌጁ ሰዎች ብቻ ነው። በአንድ ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግና ከጅማ የተከፈተ አካውንት ተሰርቋል ተብሎ ይዘጋል። ከዚያ እናንተም ኢሜይላችሁም ውጭ ናችሁ።

ለወንድማችሁ የሚሻል ነገር አለ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና በአሳታሚዎች ትብብር ይሠራል፤ የደሃ አገር ተቋማት ውድ የሆኑ ጆርናሎችንና መጻሕፍትን በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ እንዲያነቡ ያደርጋል። በ2002 በጤናው ዘርፍ ሂናሪ ተብሎ ጀመረ። የግብርናው አጎራ፣ የአካባቢው ኦአሬ፣ የቴክኖሎጂው አርዲ፣ የሕጉ ጎአሊ ተከተሉ። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ተርታ ናት። መግቢያው የሚሰጠው ለተቋሙ ነው፤ ስለዚህ ወንድማችሁ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን "የሪሰርች ፎር ላይፍ መግቢያ አለን ወይ?" ብሎ ይጠይቅ። ኦፕንስታክስ ደግሞ ለሱም ክፍት ነው።

የተማሪዎች ማኅበራችን የፊልም ምሽት ሊያዘጋጅ ነው። ከላይብረሪው ተውሰን ማሳየት እንችላለን?

ከላይብረሪው መዋሳችሁ ብቻ አይበቃም። መምህር ክላስ ውስጥ ለተማሪዎቹ ፊልም ሲያሳይ የቅጂ መብት ሕጉ አንቀጽ 110 ይፈቅድለታል። የማኅበር ዝግጅት ግን ክላስ አይደለም፤ በነጻ ቢሆን እንኳ ለሕዝብ የማሳየት መብት ይፈልጋል። ካኖፒ ላይ ብዙ ፊልሞች ይህ መብት አብሯቸው ስላለ የፊልሙ መግለጫ ላይ "ፒፒአር" የሚል ምልክት ፈልጉ። ከሌለው ሌላ ፊልም ምረጡ ወይም ባለመብቱን ጠይቁ። የሐበሻ ፊልም ሠሪዎችን ሥራ ስታሳዩ ደግሞ በቀጥታ ማስፈቀድ ደስ የሚል ነገር ነው።

ምን እንደማይና እንደማነብ ሰው ያውቃል?

ላይብረሪው ማንም ስለጠየቀው ብቻ አይናገርም። በ48 የአሜሪካ ግዛቶችና በዲሲ የላይብረሪ ተጠቃሚን ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ አለ። ለቪዲዮም የራሱ ሕግ አለ። በ1987 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጩት ዳኛ ሮበርት ቦርክ ከቪዲዮ ቤት የተከራዩት ፊልም ዝርዝር እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሲቲ ፔፐር የተባለ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ኮንግረስ ደነገጠና በ1988 የቪዲዮ ምስጢር ጥበቃ ሕግ አወጣ።

አፖቹ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2014 አዶቤ ዲጂታል ኤዲሽንስ የተባለው የኢ-ቡክ ማንበቢያ የአንባቢዎችን መረጃ ሳይቆልፍ ወደ ኩባንያው ይልክ እንደነበር ተደርሶበታል። አንዳንድ የቪዲዮ ድረ ገጾች የግል አካውንት ክፈቱ ይላሉ። አማራጭ ከሆነ መተው ትችላላችሁ። ስለ ስደት ጉዳይ፣ ስለ ጤና ወይም ስለ ቤተሰብ ችግር ስታነቡ አካውንት ሳትከፍቱ በላይብረሪው በኩል ብቻ ግቡ። ይህ የግል ምክሬ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ የሚሆን ነገር አለው?

ጄስቶር ውስጥ በኢትዮጵያ ታሪክና ቋንቋ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የተጻፈ ጥናት ታገኛላችሁ። ስትፈልጉ አጻጻፉን ቀያይሩት። አንዱ ጸሐፊ የአንድን ንጉሥ ስም እንደዚህ ሲጽፍ ሌላው እንደዚያ ይጽፈዋልና፤ "አቢሲኒያ" በሚለውም ፈልጉ፣ የቆየው ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው።

የኮሌጅ አካውንት የማይፈልግ ሀብትም አለ። ሚኒሶታ የሚገኘው ሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ላይብረሪ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከኢትዮጵያ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት በማይክሮፊልም የተነሱ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትን ይዟል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2021 እስካረፉ ድረስ ለአሥርተ ዓመታት የመጻሕፍቱን ካታሎግ በማዘጋጀት የደከሙበት ይህ ስብስብ ነው። በነጻ ተመዝግቦ ብዙዎቹን በኮምፒውተር ማገላበጥ ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የፒኤችዲ ጽሑፎችም በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ ላይ ተለቀዋል። ስለ አገራችን ፔፐር የሚጽፍ ልጅ አዲስ አበባ ላይ የተሠራውን ጥናት ሳያይ ባያስረክብ ደስ ይለኛል።

የፈለግሁትን ሁሉ አሁን አውርጄ ባስቀምጥስ?

በልክ። በአንድ ሌሊት መቶዎች ጽሑፍ ከወረደ የአሳታሚው ሲስተም እንደ ሌባ ያየዋል። አንዳንዴ የሚዘጋው የእናንተን አካውንት ብቻ ሳይሆን የኮሌጁን መግቢያ ነው፤ ሌላው ተማሪ ሁሉ ይቀጣል። ቪዲዮን ደግሞ በሌላ ሶፍትዌር መቅዳት አይፈቀድም።

ላይብረሪው የሌለውን መጽሐፍ ወይም ጽሑፍ ብፈልግስ?

ኢንተርላይብረሪ ሎን ጠይቁ። ኮሌጃችሁ ከሌላ ላይብረሪ ተበድሮ ያመጣላችኋል። ጽሑፍ ከሆነ በኢሜይል ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም በጥቂት ቀን ውስጥ። ለተማሪው በአብዛኛው ነጻ ነው። ሙሉ ኢ-ቡክና ስትሪሚንግ ቪዲዮ በዚህ መንገድ አይመጡም፤ ፈቃዱ ለሌላ ላይብረሪ ማበደርን አይፈቅድም። የወረቀት መጽሐፍ ግን ከሌላ ግዛት ድረስ ይመጣል።

ስመረቅ ሁሉም ይዘጋብኛል?

የቤት መግቢያው አብዛኛው ይዘጋል። ግን ብዙ ውሎች ማንም ሰው ላይብረሪው ውስጥ ገብቶ በዚያ ኮምፒውተር እንዲያነብ ይፈቅዳሉ። ጄስቶር ላይ በግላችሁ በነጻ ብትመዘገቡ በወር እስከ 100 ጽሑፍ ኦንላይን ማንበብ ትችላላችሁ።

የሕዝብ ላይብረሪ ካርድ ደግሞ ከመመረቃችሁም በፊት አውጡ። በዚህ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የአካባቢው ላይብረሪዎች ለጎረቤት ካውንቲ ነዋሪም በነጻ ካርድ ይሰጣሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ፌርፋክስ የሚኖር ሰው የዲሲ ካርድ ማውጣት ይችላል። በካርዱ ሊቢ በሚባለው አፕ ኢ-ቡክና የድምፅ መጽሐፍ ትዋሳላችሁ። አንዱ ላይብረሪ ላይ ወረፋው ረጅም ከሆነ በሌላው ካርድ ሞክሩ፤ አፑ ሁሉንም ካርዶች አንድ ላይ ይይዛል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ አብረዋችሁ ካሉ ለእነሱም አውጡላቸው። ይዛችሁ የምትሄዱት መታወቂያና አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት ነው።